የኦገስት ዊልሰን ቴአትር ለኮዬ ፈጬ አዳራሽ፦ የትኛው ይሻላል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ያለው ክበባችን የአሜሪካዊውን ጸሐፌ ተውኔት የኦገስት ዊልሰንን ቴአትር ተርጉሞ ሊያሳይ ነው። ስምንት ወንድ፣ አንዲት ሴት ነን። «ፌንስስ» (አጥሮች) ወይስ «ጂትኒ»?

መልስ 1
«ጂትኒ»፣ ያለ ጥርጥር። ገጸ ባሕርያቱ 9፣ ሴቷ አንድ፤ ልክ በልካችሁ። ቦታው የአሜሪካዋ ፒትስበርግ ከተማ፣ ሂል ዲስትሪክት ሰፈር፣ ዘመኑ በፈረንጆች 1977፣ ያለ ፈቃድ የሚሠሩ ታክሲዎች ቢሮ። ለኛ ተመልካች ማብራሪያ አይፈልግም! ጨዋታውን የሚነዳው ስልኩ ነው፤ በጠራ ቁጥር ወሬው ይቆረጣል። ጥሪውን በስፒከር አታድርጉት፤ መብራት ከሄደ ትዕይንቱ ይሞታል። ከመጋረጃ ጀርባ የእጅ ደወል ይበቃል።

መልስ 2
እኔ ግን «ፌንስስ» እላለሁ። 7 ሰው፣ አንድ ግቢ፤ በፈረንጆች 1987 ፑሊትዘር የተባለውን የአሜሪካ ሽልማት ያገኘውም እሱ ነው። ዕቃው ጥቂት ጣውላ፣ የቤዝቦል ዱላና ከዛፍ የሚንጠለጠል የጨርቅ ኳስ። አጥሩ መጀመሪያ ላይ እንዳያልቅ፤ ትዕይንት በትዕይንት ነው የሚያድገው። አደጋው የዋናው ገጸ ባሕርይ የትሮይ ረጃጅም ንግግሮች ናቸው፤ ተርጓሚው መጽሐፍኛ ካደረጋቸው ተዋናዩ ስብከት ይጀምራል። ዊልሰን በ15 ዓመቱ ትምህርት ቤት ትቶ በካርኔጊ ቤተ መጻሕፍት ራሱን ያስተማረ፣ ቋንቋውን ከሰፈር ካፌ የለቀመ ሰው ነው። እናንተም ከታክሲ ተራ ልቀሙ።

መልስ 3
ወንድሞቼ፣ ከሁሉ በፊት ፈቃድ! ዊልሰን ያረፈው በፈረንጆች 2005 ነው፤ የቅጂ መብቱ ገና አላበቃም። ለመተርጎምም ለማሳየትም አስቀድማችሁ ጠይቁ።