የጠፉት የ«ዶክተር ሁ» ክፍሎች፦ በሥዕል ይሞሉ ወይስ ጎደሎ ይቅሩ?

ባለ ሰማያዊ ሣጥን፦
ልጄ ቅዳሜ ማታ የጠየቀችኝን መመለስ ስላቃተኝ ጥያቄውን ለእናንተ አመጣሁት። እዚህ ለንደን፣ ቤታችን ሶፋ ላይ ሆነን «አሥረኛዋ ፕላኔት» የተባለውን የ«ዶክተር ሁ» ታሪክ እያየን ነበር። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ ዶክተሩ ከሌላ ዓለም የመጣ መንገደኛ ነው። ከውጭ ሲያዩት አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ የፖሊስ ስልክ ሣጥን በሚመስል፣ ከውስጡ ግን አዳራሽ በሚያህል መንኮራኩር ዘመን ከዘመን ይዘዋወራል። ሊሞት ሲቃረብ ፊቱ ተለውጦ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ተከታታዩም ከ1963 ጀምሮ ተዋናይ እየቀያየረ የዘለቀው በዚህ ብልሃት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተለወጠው በ1966፣ በዚሁ «አሥረኛዋ ፕላኔት» አራተኛ ክፍል ላይ ነው።

አራተኛው ክፍል ደግሞ የለም። ሦስቱ በፊልም ተገኝተዋል፤ የመጨረሻው ግን ድምፁ ብቻ ስለቀረ በዲቪዲው ላይ ምስሉን በአኒሜሽን ሠርተውታል። ሦስት ክፍል ሙሉ የመጀመሪያውን ዶክተር ተዋናይ ዊልያም ሃርትኔልን በሥጋው ስታይ የቆየች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ድንገት ሥዕል ሆኖ ሲመጣባት፣ «አባዬ፣ ሰውዬውን ምን አደረጉት?» አለችኝ።

እኔ ከጎደለ በሥዕል መሙላቱ ይሻላል ባይ ነኝ። እናንተስ?

ጥቁርና ነጭ፦
ልጅህ ልክ ናት። ሰውዬውን ምን እንዳደረጉት ንገራት፤ አጠፉት። የጠፋን ነገር ጠፋ ማለት ነውር አይደለም፤ በላዩ ላይ ሥዕል ለጥፎ ያለ ማስመሰል ነው ነውሩ። ሥዕሉ የሃርትኔል እጅ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር አያውቅም። ሠዓሊው የገመተውን ነው የምታዩት።

የሥዕል ገበታ፦
ጋሼ፣ በአክብሮት እቃወምዎታለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አኒሜሽን እየሠራሁ ነው የምተዳደረው፤ ስለዚህ ለሙያዬ ላድላ ይሆናል። ግን «የገመተው» የሚለው ቃል ሥራውን ያሳንሰዋል። ሠዓሊዎቹ ከባዶ አልተነሡም። በዚያ ዘመን ጆን ኩራ የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ የቴሌቪዥኑን ስክሪን በተከታታይ ፎቶ እያነሣ ለፕሮግራም ሠሪዎች ይሸጥ ነበር። ከብዙዎቹ የጠፉ ክፍሎች እነዚያ ፎቶዎች ተርፈዋል፤ የአራተኛውም ክፍል አለ። ማን የት እንደቆመ፣ በሩ በየት በኩል እንደነበር ይታያል። የፊት ለውጧን ቅጽበትማ በእውነተኛው ምስል ጭምር ማየት ይቻላል፤ አንድ የሕፃናት ፕሮግራም ቆርጦ ስላሳያት ተረፈች።

በፎቶ ያልተያዘው እንቅስቃሴ ነው። ሰው ሲራመድ መሣል የሥራችን መከራ ነው፤ ጊዜና ገንዘብ የሚበላው እሱ ነው። የዶክተሩን ጠላት ዳሌክን መሣል ግን ደስታ ነው። ብረት ነው፣ እግር የለውም፣ ይንሸራተታል። በ2016 «የዳሌኮች ኃይል» የተባለውን ታሪክ ስድስቱንም ክፍል በአኒሜሽን ሠርተው ባወጡት ጊዜ ሰዎቹ እንደ እንጨት ሲገተሩ ዳሌኮቹ ግን ሕያው ነበሩ። ጉድለቱን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ዓይቼው ከማላውቀው ነገር ጉድለት ያለበትን ባየው እመርጣለሁ።

ባለ ሁለት ልብ፦
ስሜን ከዶክተሩ ሁለት ልቦች ነው የወሰድሁት፤ የአማርኛው ትርጉምም ይስማማኛል፤ በዚህ ጉዳይ ቁርጥ ያለ ሐሳብ የለኝም። ዋሽንግተን አካባቢ ነርስ ነኝ፣ ሌሊት እሠራለሁ። በዕረፍቴ ሰዓት የጠፉትን ክፍሎች ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እሰማለሁ። ምስል የለም፤ የጨለመ ኮሪደርና ድምፁ ብቻ። እንደዚያ ያስፈራኝ ሌላ ነገር የለም። ግን ቀድሜ አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ለምንድን ነው ያጠፉት? ያን ያህል ደደቦች ነበሩ?

ሰነድ ያዥ፦
ከተከታታዩ መጀመሪያ ስድስት ዓመታት 253 ክፍሎች ውስጥ፣ ከ2013ቱ የናይጄሪያ ግኝት በኋላ እንኳ 97 ጎድለው ነበር። ደደብነት ብቻውን ይህን ያህል አይሠራም። የቪዲዮ ቴፕ ውድ ስለነበር እየጠፋ በላዩ ሌላ ፕሮግራም ይቀዳበት ነበር። ከተዋናዮች ማኅበር ጋር የነበረው ስምምነት ድጋሚ ማሳየትን ይገድባል። ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያይበት መሣሪያ ያለው ሰው አልነበረም። ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ሲመጣ ደግሞ ጥቁርና ነጩን የሚገዛ አገር ታጣ። ለውጭ ሽያጭ የታተሙት የ16 ሚሊ ሜትር ፊልሞችም የሽያጭ ጊዜያቸው ሲያበቃ ይጣሉ ጀመር። ይህ የቆመው በ1978 ነው። ዛሬ ተከታታዩን የሠራውን ቢቢሲን መርገም ቀላል ነው፤ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

የሥዕል ገበታ፦
ዛፉ ራሱን በራሱ ነው የቆረጠው እኮ። ድምፁን እንኳ ያተረፈው ቢቢሲ አይደለም። ከጠፉት ክፍሎች የአንዱም ድምፅ አልጠፋም፤ ምክንያቱም አድናቂዎች፣ ብዙዎቹ ገና ልጆች ሳሉ፣ ቤታቸው ሆነው በቴፕ ይቀዱት ነበር። ማይክሮፎኑን ከቴሌቪዥኑ ድምፅ ማጉያ ፊት ደግነው፣ እናታቸው ሳህን እንዳታንኳኳ እየለመኑ። የአኒሜሽኑ መሠረት ያ ድምፅ ነው። እኛ የምንጨምረው የልጆቹን ሥራ መጨረስ ብቻ ነው።

ጥቁርና ነጭ፦
ሳህን ማንኳኳቱን ደግ አነሣሽው፤ እሱ እውነት ነው። ሥዕል ሲጨመርበት ግን እውነቱ ይቀንሳል።

አስረጂ ላምጣ። በ2013 ይፋ የሆነውን የናይጄሪያውን ግኝት ታስታውሳላችሁ። ፊሊፕ ሞሪስ የተባለ ፊልም ፈላጊ ጆስ ከተማ ከሚገኝ የቴሌቪዥን ጣቢያ መጋዘን ጠፍተው የነበሩ ዘጠኝ ክፍሎች ይዞ ወጣ። አምስቱ «የዓለም ጠላት» የተባለውን ታሪክ ሙሉ አደረጉት። ከዚያ በፊት ሰው ያየው ሦስተኛውን ክፍል ብቻ ነበር፤ እሱም ከሁሉ ደካማው ስለሆነ ታሪኩን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም ነበር። ሙሉው ሲታይ ሁሉም አፉን ያዘ። ሁለተኛው ዶክተር ፓትሪክ ትራውተን በአንድ ታሪክ ውስጥ ዶክተሩንም ክፉውን ሰውዬም ይጫወታል፤ ልዩነቱ ያለው ዓይኑ ላይ፣ አገጩ ላይ፣ ሲቀመጥ ትከሻው ላይ ነው። ቀድሞ በሥዕል ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ ሁለት ተመሳሳይ ሥዕሎች፣ አንዱን ቅንድቡ ወደ ታች የተሣለ፣ እያየን አርባና ሃምሳ ዓመት «ገባን» እንል ነበር።

የሥዕል ገበታ፦
ጋሼ፣ ይኸው ታሪክ ለእኔ ይመሰክራል! ድምፁ ሳይጎድል ለአርባ አምስት ዓመት ያህል ሰው ሁሉ ተሳስቶ ነበር። ጆሮ ብቻ በቂ ቢሆን ኖሮ ማን ይሳሳታል? ደካማም ቢሆን ምስል ቢኖረው ቢያንስ አንድ ሰው «ቆይ፣ ይህ ታሪክ ጥሩ ነው» ባለ ነበር።

ባለ ሰማያዊ ሣጥን፦
የጆስ ነገር ከተነሣ ሳልናገር አላልፍም። እኛ አፍሪቃውያን አያያዝ አናውቅም ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተናል! የለንደኑ መጋዘን የጣለውን የጆስ መደርደሪያ ጠብቆ አቆየው። ሙቀቱን፣ አቧራውን ችሎ። ናይጄሪያዊ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው ሦስት ቀን በኩራት ሲራመድ ነበር፤ ተከታታዩን አንድም ቀን አይቶት አያውቅም።

ሰነድ ያዥ፦
ኩራቱ ይገባዋል። ግን ጣቢያዎቹ እንዲያስቀምጡ የታዘዙ አይምሰላችሁ። ውሉ አሳይታችሁ መልሱ፣ ወይም ለሚቀጥለው አገር አሳልፉ፣ ወይም አጥፉ ነበር የሚለው። ጆስ የተረፈው ትእዛዙን ያልፈጸመ ሰው ስለነበር ነው። የግል ሰብሳቢዎቹም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ከቆሻሻ ገንዳ አንሥቶ ቤቱ የወሰደ ሠራተኛ በሕግ ዓይን የሌላ ሰው ንብረት የያዘ ነው፤ በእኛ ዓይን ባለውለታ ነው። እኔ ብሆን ከአኒሜሽኑ በፊት የምከራከረው ለእነዚህ ሰዎች ግልጽ ምሕረት እንዲሰጥ ነው። ሽማግሌዎች ናቸው። ሲሞቱ ወራሾቻቸው የዛገ የቆርቆሮ ጣሳ አይተው ይጥሉታል።

ባለ ሁለት ልብ፦
በዚህስ ልቤ አንድ ነው፤ ምሕረቱ ይሰጥ። ግን ሲገኝስ ሁልጊዜ ደስታ ነው? «የሳይበርማኖች መቃብር» የተባለው ጠፍቶ የነበረ ታሪክ በ1991 ሆንግ ኮንግ ተገኘ። ሳይታይ በፊት ተወዳዳሪ የሌለው እየተባለ ይወራለት ነበር። ሲታይ ግን ግዙፉ ሰውዬ ወደ ላይ ተነሥቶ ሲወረወር ያንጠለጠለው ሽቦ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አንዳንዱ አዘነ። እኔ ግን ለዚያ ሽቦ ልዩ ፍቅር አለኝ። ሰዓት አልነበራቸውም፣ ገንዘብ አልነበራቸውም፣ ሽቦውን መደበቂያ መላም አልነበራቸውም፤ ግን አነሡት! የሥዕል ገበታ፣ አንቺ ብትሠሪው ሽቦውን ትሥይው ነበር?

የሥዕል ገበታ፦
ጥሩ አድርገሽ ያዝሽኝ። አልሥለውም ነበር። ሽቦ እንዳለ አላውቅማ።

ጥቁርና ነጭ፦
እሱን ነው የምለው።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። በ2023፣ ለስድሳኛው ዓመት፣ የመጀመሪያውን የዳሌኮች ታሪክ ቀለም ቀብተው አወጡት። ያ ታሪክ አልጠፋም፤ ሰባቱም ክፍል አለ። ሰባቱን ክፍል ወደ 75 ደቂቃ አሳጠሩት። ከግማሽ በላይ ተጣለ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ቴፕ ስለተወደደ ቆረጡ እንበል፤ ዛሬስ ምን ተወደደ?

ባለ ሰማያዊ ሣጥን፦
የሰው ትዕግሥት ተወደደ፣ ጋሼ። ልጄ ባለ ቀለሙን በአንድ መቀመጫ አይታ ጨርሳ ጥቁርና ነጩን ራሷ ጠየቀች። ሰባቱን ክፍል በሰባት ማታ አየነው። ባለ ቀለሙ ባይኖር ወደ በሩም አትጠጋም ነበር። ዋናው ደግሞ አልተነካም፤ አንዱ በሌላው ላይ አልተቀዳም። ለምንድን ነው እንደ ግል ጉዳይ የሚቆጡት?

ጥቁርና ነጭ፦
የግል ጉዳዬ ስለሆነ ነው። ይህን ለመናገር አላሰብሁም ነበር።

በወጣትነቴ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ስቱዲዮ የድምፅ ቴፕ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። አዲስ ቴፕ መግዣ ገንዘብ የለም ስለሚባል በየወሩ የሚጠፉት ዝርዝር ይመጣልኛል። ማጥፊያው የብረት ጠረጴዛ የሚመስል ትልቅ ማግኔት ነው። መጀመሪያ የእጅ ሰዓትህን ታወልቃለህ፣ አለዚያ ይቆምብሃል። ጥቅልሉን ታስቀምጣለህ፣ ማብሪያውን ትጫናለህ፣ ጠረጴዛው እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል፤ ጥቅልሉን በመዳፍህ ቀስ አድርገህ ታዞረዋለህ፣ እያዞርህ ታርቀዋለህ። ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ስም ሰርዤ ወደ ባዶዎቹ መደርደሪያ እመልሳለሁ። አንድ ቀን ከዝርዝሩ ውስጥ የአንድ አዝማሪ ቅጂ ነበር። ከማጥፋቴ በፊት አንድ ጊዜ ከፍቼ ሰማሁት። ከዚያ ሰዓቴን አወለቅሁ። ዛሬ ከዚያ ቅጂ በዓለም ላይ የቀረው የማሲንቆው መግቢያ ነው፤ እሱም እኔ ጭንቅላት ውስጥ፣ ምናልባት ተሳስቶ።

አንድ ደግ ሰው መጥቶ በዚያ መግቢያ ላይ አዲስ ዘፋኝ ጨምሮ ሙሉ ዘፈን ቢሠራልኝ፣ ሰው ሁሉ ያንን እየሰማ «ይኸው ተገኘ» ይላል። እኔ ያጠፋሁትም ያኔ ሁለተኛ ይጠፋል።

ባለ ሁለት ልብ፦
ጋሼ፣ ያንን መግቢያ ስልክዎ ላይ አንጎራጉረው ይቅዱት። ዛሬውኑ።

የሥዕል ገበታ፦
እኔም ያንኑ ልል ነበር። አቋሜን አልተውሁም፤ ለማላየው ነገር ሥዕል እፈልጋለሁ። ግን አንድ ነገር ሰጥቻለሁ፦ «የጠፋው ክፍል» ተብሎ አይሸጥ። ሽፋኑ ላይ፣ መጀመሪያው ላይ፣ ሥዕሉ የዛሬ መሆኑ በትልቁ ይጻፍ። የሠዓሊዎቹም ስም ከተዋናዮቹ ስም እኩል ይታይ። ስማችን ካለበት ሐሰት አይሆንም፤ የእኛ ሥራ ይሆናል።

ጥቁርና ነጭ፦
እንደዚያ ከሆነ ጠቤ ይቀንሳል። አያልቅም።

ባለ ሰማያዊ ሣጥን፦
ትናንት ማታ ባለ ሁለት ልብ እንደምታደርገው አደረግሁ። መብራቱን አጠፋሁና ለልጄ የአራተኛውን ክፍል ድምፅ ብቻ አሰማኋት። ሶፋው ላይ ተጠቅልላ እጄን ይዛ ሰማችው። መጨረሻው ላይ፣ የመንኮራኩሩ ሞተር ማቃሰት ሲጀምር፣ ትንፋሿን ያዘች። ዛሬ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት የዚያን ትዕይንት ሥዕል ሠርታ ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ ሄዳለች። ወለል ላይ የተዘረጋ ሰው፣ ረጅም ኮት፣ ቀለበት ያለበት ጣት። ፊቱን ባዶ ተወችው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ብጠይቃት «ማን እንደሚሆን ገና አላየሁም» አለችኝ።

ችግሩ፣ ቀጥሎ የሚመጣው «የዳሌኮች ኃይል» ነው። ስድስቱም ክፍል የጠፋ። አዲሱን ዶክተር መጀመሪያ የምታየው በሥዕል ሊሆን ነው።

ጥቁርና ነጭ፦
ከኩራ ፎቶዎች ውስጥ የትራውተንን ፊት አስቀድመህ አሳያት። ከዚያ በኋላ የፈለግኸውን ክፈት።