የዎርድፕረስ ፕለጊኔን አክቲቬት ሳደርገው ክላሱን አላገኘሁም ይላል

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ላለ የእንግዳ ማረፊያ የአልጋ ማስያዣ ፕለጊን (ድረ ገጽ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) በዎርድፕረስ እየሠራሁ ነው። ጥር 11 ለጥምቀት ሰው ወደ ፋሲል መዋኛ ሲጎርፍ አልጋ ስለማይገኝ፣ ባለቤቱ ከዚያ በፊት ይድረስልኝ ብለዋል።

ፕለጊኑ አንድ ዋና ፋይልና «ኢንክሉድስ» የሚባል ፎልደር አለው። ዳታቤዝ ላይ ቴብል የሚፈጥረው ክላስ ያለው ፎልደሩ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ሬጂስተር አክቲቬሽን ሁክን (ፕለጊኑ አክቲቬት ሲሆን የሚሠራውን ፈንክሽን የሚያስመዘግበውን) እዚያው ክላሱ ፋይል ላይ ጻፍኩት። አክቲቬት ሳደርገው ጭጭ አለ። ኤረርም የለም፣ ቴብልም የለም። እዚህ ላይስ ምክንያቱ ገብቶኛል፤ ዎርድፕረስ የሚፈልገው የዋናውን ፋይል ፓዝ ነው፣ የእኔ ግን የክላሱን ፋይል ነበር የሚሰጠው። ወደ ዋናው ፋይል አዛወርኩት።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። «ክላስ ኖት ፋውንድ» ይልና አክቲቬት አልሆንም ይላል። ክላሱን ሪኳየር ዋንስ የማደርገው (ፋይሉን የምጭነው) ፕለጊንስ ሎድድ ላይ፣ ማለትም ፕለጊኖች ተጭነው ሲያበቁ በሚጠራው ሁክ ላይ፣ በተንጠለጠለ ፈንክሽን ውስጥ ነው። ፓዙን የማወጣው በፕለጊን ዲር ፓዝ ነው፤ ኤረር ሎግ ላይ ጽፌ አየሁት፣ ትክክል ነው። ሰርቨሩ ሊነክስ ስለሆነ የፋይሉን ስም ትልቅና ትንሽ ፊደልም አመሳክሬያለሁ።

ሪኳየሩን አውጥቼ ዋናው ፋይል አናት ላይ ሳደርገው ወዲያው ይሠራል። ግን ለአንድ ቀን ሥራ የሚፈለግ ፋይል በየገጹ ሲጫን ማየት አያስደስተኝም፤ ሆስቱም ርካሽ ነው፣ ሜሞሪው አያወላዳም።

ያንን ፋይል ብቻ አክቲቬሽን ፈንክሽኑ ውስጥ ሪኳየር ባደርገው፣ ኋላ የሚያመጣብኝ ችግር ይኖራል?