የወር አስቤዛ ከየት ይገዛ? ጥቆማ ለአራት ኪሎና አካባቢው

አዲስ ትዳር የያዘች ጎረቤቴ ባለፈው ሳምንት «ወሩ ሳይጋመስ ደመወዛችን እያለቀ ነው፤ የት ነው የሚረክሰው?» ብላ ጠየቀችኝ። የነገርኳት ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ ጻፍኩት። ሁሉም ነገር የሚረክስበት አንድ ቦታ የለም። እኔ አስቤዛዬን ከየቦታው ነው የምለቃቅመው።

ለአትክልት የምመርጠው የእሁድ ገበያን ነው። ዋጋው ሰሌዳ ላይ ስለሚለጠፍ ክርክር የለም። ቲማቲም በጠዋት ግዙ፣ ያልተነካካውን ታገኛላችሁ። ሽንኩርትና ድንች ግን ከሰዓት ይሻላል፤ ሻጮቹ የተረፈውን ጭነው ከመመለስ ብለው ይቀንሳሉ። ሚዛኑን ግን በዓይናችሁ ተከታተሉ። አንዴ ከአንድ ሻጭ ሦስት ኪሎ ብዬ የገዛሁት ሽንኩርት ቤት ስመዝነው 2 ኪሎ ከ600 ግራም ሆነ። ቀሪውን 400 ግራም ከፍዬበት ነው ትቼው የመጣሁት። ከዚያ ወዲህ ባዶው ሚዛን ዜሮ ላይ መሆኑን ሳላይ አላስመዝንም።

ለሁለት ሰው ቤት ግን የሰፈር ጉልትም አይናቅ። በኪሎ ሲሰላ ትንሽ ይወደዳል፣ እውነት ነው። ግን አምስት ኪሎ ቲማቲም ገዝቶ ግማሹን ከመጣል አንድ መደብ ገዝቶ መጨረስ ይሻላል።

ዘይት፣ ስኳርና ዱቄት ስፈልግ መጀመሪያ የምጠይቀው የወረዳችንን ሸማቾች ማኅበር ነው። ችግሩ እቃ ሁልጊዜ አይገኝም። የሱቁን ሠራተኞች ተግባቧቸው፤ መቼ እንደሚገባ ይነግሯችኋል።

ሳሙና፣ ኦሞ፣ ሶፍትና ፓስታ ከመርካቶ በጅምላ ይግባ። ብቻችሁን ከሄዳችሁ ግን ታክሲውና ተሸካሚው ትርፉን ይበሉታል። እኛ ሦስት ቤት ሆነን አንድ አንድ ካርቶን ገዝተን እንካፈላለን። ሁለት ሦስት ሱቅ ሳትጠይቁ እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አትክተቱ። «መጨረሻውን ንገረኝ» ማለት ነውር የለውም። አርብ እኩለ ቀን ላይ ብዙ ሱቆች ለጁምዓ ስለሚዘጉ ሌላ ቀን ሂዱ።

ሱፐርማርኬት የምገባው ለጥቂት ነገር ነው። እዚያ ትልቁ እሽግ ሁልጊዜ ይረክሳል ብላችሁ አትመኑ። ስልካችሁን አውጡና ዋጋውን ለግራሙ አካፍሉ። ለምሳሌ 200 ግራሙ 90 ብር፣ 450 ግራሙ 216 ብር ቢሆን ትንሹ በኪሎ 450፣ ትልቁ 480 ይመጣል። እንዲህ ዓይነት ነገር ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል። የቤት ዕቃና ኤሌክትሮኒክስ ስትገዙ ደግሞ ዋጋው ቫትን ይጨምር እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። 2,000 ብር የተባለው 15 በመቶ ሲጨመርበት 2,300 ነው።

ኦንላይንስ? የቴሌግራም ሱቆች ለጫማ፣ ለልብስና ለትንንሽ የቤት ዕቃ መጥፎ አይደሉም። የሱቅ ኪራይ ስለሌለባቸው አንዳንዶቹ ከመርካቶም ይቀንሳሉ። ግን «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚሉትን አልፋለሁ፤ ዋጋውን ከሌላ ጋር ማወዳደር አይቻልማ። የዲላይቨሪውንም ሂሳብ ደምሩ፣ አንዳንዴ የዕቃውን ሩብ ያህል ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ዕቃው እጃችሁ ሳይገባ አትክፈሉ። ዓምና ከአንድ ገጽ ቆዳ ጫማ አዝዤ ቀድሜ በቴሌብር ላክሁ። የመጣው ሌላ ጫማ ነው። ሶሉ ዙሪያ ማስቲሹ ደርቆ ይታያል፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ አፉን ከፈተ። ስጽፍላቸው አንብበው ብሎክ አደረጉኝ። አሁን ዕቃውን ያመጣው ልጅ በር ላይ ቆሞ እያየ እለካለሁ፤ ከተስማማኝ ብሩን እዚያው እልካለሁ። ይህን እምቢ የሚል ሻጭ ይቅርባችሁ። ያገለገለ ዕቃ ጂጂ ከሚባለው የኦንላይን ገበያ ስትገዙም በቀን፣ ሰው ባለበት ተገናኙ። ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ሳታዩ ብር አይውጣ።

የመጨረሻው ቅቤ ነው፤ ለኔ ትልቁ ቁጠባ እሱ ላይ ነው ያለው። ፋሲካ ሲቃረብ ዋጋው አይቀመስም። በሁዳዴ አጋማሽ ግን ብዙ ፈላጊ ስለሌለው ይረጋጋል። ያኔ ሾላ ገበያ ሄዳችሁ ግዙ። ባዕድ ነገር የሚቀላቅሉ ስላሉ ትንሽ እጃችሁ ጀርባ ላይ ቀብታችሁ አሽትቱ፣ ከተቻለ ቅቤ የሚያውቅ ትልቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ቤት አምጥታችሁ በኮረሪማና በኮሰረት አንጥራችሁ በንጹሕ ደረቅ ዕቃ ካስቀመጣችሁት ለበዓሉም ከበዓሉ በኋላም ይደርሳል። ከጎረቤቴ ጋር ለሚመጣው ሁዳዴ አብረን ልንገዛ ተነጋግረናል። ቅቤ የሚያውቁ አንዲት እማማም አብረውን ሊመጡ እሺ ብለዋል፤ የሳቸው አፍንጫ አይሳሳትም።