ሳይነስ ነው ወይስ ማይግሬን? ማስታገሻም አልያዘልኝም

የአራት ኪሎዋ፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። አራት ኪሎ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን ከጠዋት እስከ ማታ ኮምፒውተር ላይ ነኝ። ራሴን በጣም ያመኛል፤ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ከማጅራቴ ይነሳና ግንባሬን ዙሪያውን እንደ ሻሽ ጥብቅ አድርጎ ያስረኛል። እሱን ችዬው እሠራለሁ። ሌላው በግራ ዓይኔ በኩል ይጀምርና ይወቅረኛል። ያኔ የማሽኑ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። የቀለሙ ሽታ ራሱ ወደ ላይ ይለኛል። ሥራውን ለጓደኛዬ ትቼ ቤት እገባና መጋረጃ ዘግቼ እተኛለሁ።

ሰው ሁሉ «ሳይነስ ነው» ይለኛል። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ በቡና ታጠጣኛለች። ጾም ሲሆን ይብስብኛል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምቆየው። ፓናዶል ከቦርሳዬ አይጠፋም። ከወራት ወዲህ ሳልውጥ የምውልበት ቀን ጥቂት ነው፤ እሱም እንደ ድሮው አያሽለኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የፒያሳ ፋርማሲስት፦
እግዜር ይማርሽ እህቴ። ሰው መድኃኒት ቤት መጥቶ «የሳይነስ ስጪኝ» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ አፍንጫው ነው። ወፍራም ቢጫ ንፍጥ አለ? ትኩሳትስ? ማሽተት አቅቶሃል? ይሄ ሁሉ ከሌለ ሳይነስ ነው ለማለት ይከብደኛል። ማይግሬንም፣ ማለትም እየተመላለሰ የሚወቅረው ከባድ ራስ ምታት፣ አፍንጫ ይደፍናል፣ ዓይን ያስለቅሳል፣ ጉንጭ ላይ ይከብዳል። ስንቱ ሰው በዚህ ምክንያት አሞክሳሲሊን የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ በከንቱ ይውጣል! በጣም ያሳዝነኛል።

ያንቺ ሁለት ዓይነት ይመስላል። የሚያስርሽ የውጥረት ራስ ምታት ነው፤ አቀማመጥ፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ያባብሱታል። ከወንበርሽ እየተነሳሽ ትከሻሽን አፍታቺው። መጋረጃ የሚያዘጋሽ ግን የማይግሬን ጠባይ አለው። ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ሊቆይ ይችላል።

እኔን ያስጨነቀኝ ፓናዶሉ ነው። ፓራሲታሞል (ፓናዶል ማለት እሱ ነው) ወይም አይቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ ሲወሰድ፣ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። እንደ ትራማዶል ያለው ጠንካራ ማስታገሻ ደግሞ በወር 10 ቀን ከተዋጠም ይህንኑ ያመጣል። ሰው ሲያመው ይውጣል፣ ስለዋጠ መልሶ ያመዋል። የሚቆጠረው ፍሬው ሳይሆን የዋጥሽበት ቀን ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ካላንደር ላይ ያመመሽን ቀን በአንድ ቀለም፣ የዋጥሽበትን በሌላ ቀለም ምልክት አድርጊ። ያንን ይዘሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ማስታገሻውን ስታቆሚ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ፤ በኋላ ግን ይቀልልሻል። ሐኪሙ ሕመሙ እንዳይመላለስ እንደ ፕሮፕራኖሎል ወይም አሚትሪፕቲሊን ያለ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ሊያዝልሽ ይችላል። አስም ካለብሽ ግን አስቀድመሽ ንገሪው፤ ፕሮፕራኖሎል ለአስም አይሆንም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከማመሙ በፊት ዓይንሽ ላይ የሚብለጨለጭ ነገር ይታይሻል?

ካዛንቺስ፦
ስለ ጾሙ እኔ ልበል። ጠዋት ጠዋት ቡና የለመደ ሰው ሲቀርበት ራሱን ይፈልጠዋል። ካቆመ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ነው የሚጀምረው። እኔ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ቡናዬን ከሦስት ስኒ ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ አንድ እቀንሳለሁ። ትልቅ ለውጥ አለው። ማታ ውኃ በደንብ ጠጪ። ሕመሙ ከጸና ደግሞ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ታዝናለች።

የአራት ኪሎዋ፦
ተባረኩ። አዎ፣ ይታየኛል! የተሰባበረ መስመር ዓይነት ነገር ያብረቀርቃል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲጠፋ ሕመሙ ይጀምራል። የዓይን ችግር ነው ብዬ መነጽር ላሠራ ነበር።

የፒያሳ ፋርማሲስት፦
እንግዲያው ማይግሬን ለመሆኑ ትልቅ ምልክት ነው። ኦራ ይሉታል። የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስጂ ከሆነ ሳትውዪ ሳታድሪ ለሐኪም ንገሪ። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያለበት እንክብል ኦራ ላለባት ሴት የስትሮክ አደጋን ስለሚጨምር አይመከርም። ኤስትሮጅን የሌለበት ሌላ አማራጭ አለ፤ ከሐኪሙ ጋር ተመካክረሽ ትቀይሪያለሽ።

ሌሎቻችሁም ይሄን ያዙልኝ። በቅጽበት ከባድ ሆኖ የመጣ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና አንገት አለመታጠፍ ያለበት፣ ፊት የሚያጣምም፣ እጅ የሚያሰንፍ ወይም አንደበት የሚያስር ከሆነ ማስታገሻ ውጦ መተኛት የለም። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረውም፣ ነፍሰ ጡርም በቶሎ ይታዩ።