ደመወዝተኛ ዕቁብ ይግባ ወይስ ባንክ ያስቀምጥ? የቱሉ ዲምቱ ጎረቤታሞች ክርክር

የሦስተኛ ፎቋ እናት፦

ሰላም ጎረቤቶች። እሁድ ቡና ላይ የተነሳው ክርክር ሳያልቅ ነው የተበተንነው። እዚሁ እንጨርሰው። ላልነበራችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ከብሎካችን አሥራ ሁለት ቤተሰብ ሆነን፣ ከመስከረም ጀምሮ በወር 1,000 ብር የሚጣልበት ዕቁብ እንጀምር አልኩ። ግማሹ ተስማማ። ግማሹ «ባንክ እያለ ለምን ብራችንን ለሰው እንሰጣለን» አለ። ተከራይዋ እህታችን ደግሞ «ለእኔ ቁጠባ ቅንጦት ነው» ብላ ተነስታ ገባች። እሱ እስካሁን ከንክኖኛል።

እኔ ለዕቁብ እከራከራለሁ። ባለቤቴም እኔም ደመወዝተኞች ነን፣ ሦስት ልጆች አሉን። ደመወዝ ሲገባ መጀመሪያ የኮንዶሚኒየሙ የባንክ ክፍያ ይሄዳል። ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ አስቤዛ፣ ከዚያ ታክሲ። ከዚህ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ሜክሲኮ እያልን በቀን ስንቴ እንደምንከፍል ታውቁታላችሁ። ከተማው ዳር የሚኖር ሰው ደመወዙን መንገድ ላይ ነው የሚጨርሰው። የተረፈችውን «ባንክ ትቀመጥ» ብዬ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ወሩ ሃያ ሲሞላ አትገኝም። ካርዱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ቴሌብሩ ስልኬ ላይ ነው። ባወጣው የሚቆጣኝ የለም።

ዕቁብ ግን ሰው አለው። ዳኛዋ ደጄ ላይ ቆማ ባዶ እጄን እንድታየኝ ስለማልፈልግ ወጪዬን እቀንሳለሁ። ማኛውን ትቼ ሰርገኛ እገዛለሁ። ሲብስም ማሽላ እቀላቅላለሁ። ፍሪጄም፣ የልጆቼ ተደራራቢ አልጋም የመጡት በዕቁብ ነው። በባንክ ቁጠባ የገዛሁት አንድም ዕቃ የለኝም።

ከምድር ቤት ያለው አባት፦

እህቴ፣ አንቺ ስለደረሰሽ ነው እንዲህ የምትይው። ሳይደርሰኝ የቀረሁት እኔ ደግሞ ልናገር።

ከዓመታት በፊት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በወር 5,000 ብር ዕቁብ ገባሁ። አሥር ሰው ነበርን። የልጄን የኮሌጅ ክፍያ አስቤ ነው። ስድስት ወር ጣልኩ፣ 30,000 ብር ማለት ነው። መጀመሪያ ከበሉት ውስጥ ሁለቱ ሥራ ለቀው ጠፉ። ስልካቸው አይሠራም። ዋሶቻቸውን ስንይዝ «ሰውየውን አውቀዋለሁ አልን እንጂ ልንከፍልለት አልፈረምንም» አሉ። እውነታቸውን ነው። የፈረሙበት ወረቀት አልነበረም፣ ሁሉም ነገር በአፍ ነበር። እነሱ ሲጠፉ ሌሎቹም «እኛስ ለምን እንጥላለን» ብለው አቆሙ። ዕቁቡ ፈረሰ። ተለቃቅሞ የተመለሰልኝ 11,000 ብር ነው። ልጄ አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀመጠች።

የባንክ ወለድ ትንሽ ነው ትሉኛላችሁ። ይሁን፣ ትንሽ ነው። ብሬ ግን ያስቀመጥኩበት ቦታ ይቆየኛል።

ባንክ የምትሠራዋ ጎረቤት፦

ጋሼ እንዳሉት ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ባንክ ቢወድቅ እንኳ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ አለ። ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ድረስ ይሸፍናል። ዕቁብ እንዲህ ያለ መከታ የለውም።

«ብሩ አይቀመጥልኝም» ላልሽው ደግሞ መላ አለው። ካርድ የሌለው ሁለተኛ የቁጠባ ደብተር አውጪ። ደመወዝ በገባ ቀን 1,000 ብር በራሱ ወደዚያ እንዲዛወር ቅርንጫፍሽ ሄደሽ ጠይቂ። ያላየሽውን ብር አታወጪውም። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው።

መምህሩ፦

ሁለታችሁም ያልነካችሁት ነገር አለ። የብሩ አቅም።

ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከጥቅምት 2010 ጀምሮ 7 በመቶ ነው። በ2014 እና በ2015 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ የሄደባቸው ወራት ነበሩ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶን አለፈ። በዚያ ዘመን ባንክ ያስቀመጠ ሰው ብሩ አልጠፋበትም፤ የሚገዛለት ዕቃ ግን ጠፋበት። እኔ በ2005 ለኮንዶሚኒየም ከተመዘገቡት አንዱ ነኝ። ለባለ አንድ መኝታ በወር 274 ብር ነበር። አንድም ወር ሳላጓድል ከፈልኩ። ያኔ 274 ብር ከእኔ ደመወዝ ላይ ትልቅ ገንዘብ ነበረች። ዛሬ ምን እንደምትገዛ እናንተው አስቡት። ቤቱም እስካሁን አልደረሰኝም። ስለዚህ ቆጣቢ አይደላችሁም የሚለኝ ሰው ሲመጣ ይከፋኛል።

አሁን ሒሳቡን እንየው። በየወሩ 1,000 ብር ባንክ ያስገባ ሰው በዓመቱ መጨረሻ የሚያገኘው ወለድ 400 ብር ገደማ ነው። ስለ 400 ብር ብለን አንጣላ። ዋናው ጥያቄ ብሩ ዕቃ የሚሆነው መቼ ነው የሚለው ነው። ዕቁብ ቀድሞ የደረሰው ሰው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው። ዕቃውን ሳይወደድ ገዛ። መጨረሻ የሚደርሰው ግን ለሌሎቹ ሲያበድር ከርሞ የቀለለ ብር ይቀበላል። ዕቁብ የምትወዱ ሰዎች ይህን አትናገሩም።

ከሁለተኛ ፎቅ ያለችው እህት፦

መምህር፣ ለእኔ የወለዱ ማነስ ጉዳይ አይደለም። ወለድ አልበላም። ከወለድ ነፃ የሆነ ሒሳብ በየባንኩ አለ፣ ዘምዘም ባንክም ከ2013 ጀምሮ አለ። ግን እዚያም ብቻዬን ነኝ። ዕቁብ ውስጥ እኔ ዛሬ አንቺን አበድርሻለሁ፣ ነገ አንቺ እኔን። ጭማሪ የለበትም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምነው፤ ዕጣ መሸጥ አይኑር። ቸግሮት ዕጣ የሚገዛ ሰው ላይ ብር ጨምሮ መቀበል ያው ወለድ ነው።

ተከራይዋ፦

እኔን ስላነሳችሁ ልናገር። ተነስቼ የገባሁት ተናድጄ ሳይሆን እንባዬ ስለመጣ ነው።

እጄ ላይ የሚደርሰው 11,000 ብር ነው። ቤት ኪራይ 6,000። ለትራንስፖርት ከ2,000 በላይ ይሄዳል። የቀረችው ከ3,000 ታንሳለች። ከእሷ ላይ ለእናቴ አገር ቤት 500 እልካለሁ። ቀሪው ዘይት፣ ሽሮ፣ እንጀራ፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ ነው። ቁርስ ከተውኩ ቆይቻለሁ። ታዲያ «ይህን ቀንሺ፣ ያንን ተዪ» የሚል ምክር ስሰማ ያመኛል። የምቀንሰው ነገር አሳዩኝና ልቀንስ። የእኔ ችግር የቁጠባ ባህል አይደለም። ደመወዙ ነው።

አከራዬ ደግሞ ለመስከረም ሊጨምርብኝ እንደሆነ ነግሮኛል።

መምህሩ፦

እህቴ፣ እውነትሽን ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ግብር የማይነካው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ጥሩ ነው፤ የኪራዩን ጭማሪ ግን አይሸፍንም። አከራይሽን በሚመለከት፣ የኪራይ ቁጥጥር አዋጁን ታውቂዋለሽ? በ2016 የወጣ ነው። ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት ነው፣ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል። አከራይ ደስ ባለው ጊዜ፣ ደስ ባለው መጠን መጨመር አይችልም። ውልሽ ካልተመዘገበ ነገ አብረን ወረዳ እንሂድ።

ጉልት የምትሸጠዋ፦

እኔ መጻፍ ስለማይሆንልኝ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ።

ለእኔ ባንክ ወይስ ዕቁብ የሚለው ጥያቄ የለም። ባንክ ብሬን ይቀበላል፣ ሲቸግረኝ ግን አያበድረኝም። ማስያዣ ይላል። ምን ላስይዝ? ሽንኩርቱን? እኛ ጉልት ላይ የቀን ዕቁብ አለን፣ በቀን 50 ብር። ሁልጊዜ ማታ ዕቃ ሳናነሳ ይሰበሰባል። ሲደርሰኝ ላፍቶ ወርጄ ሽንኩርትና ድንች በኩንታል አመጣለሁ። በኪሎ ከሌላ ነጋዴ ስወስድ የማገኘው ትርፍ ለልጄ ደብተር አይበቃም ነበር። በኩንታል ማምጣት ስጀምር ግን ቀና አልኩ። ጋሼ የደረሰባቸው ነገር ያሳዝናል። እኛ ጋ ግን ማን የት እንደሚኖር፣ ማን ለማን ምን እንደሆነ እንተዋወቃለን። የሚጠፋ ሰው የለም።

አንቺ ተከራይዋ፣ ልጄ፣ እኔም እንዳንቺ ነበርኩ። ሙሉ ዕጣ ካልቻልሽ ከእኔ ጋር ግማሽ እንግባ።

የዕድሩ ገንዘብ ያዥ፣ እማማ፦

ሁላችሁንም ሰማኋችሁ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ስንት ዕቁብ አቋቁሜያለሁ፤ ሁለቱ ፈርሰዋል። የፈረሱት ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አንዱ ብሩ ከሰው አቅም በላይ ነበር። ሌላው በመስከረም ተጀመረ።

ልጄ፣ መስከረም ዕቁብ አይጀመርም። የነሐሴ ደመወዝ ከወጣ በኋላ የጳጉሜን አምስት ቀን አለ፣ አንዳንዴ ስድስት። ጳጉሜን ደመወዝ የለውም፣ ሆድ ግን አለው። ከዚያ እንቁጣጣሽ ነው። ከዚያ የትምህርት ቤት ምዝገባና ደብተር፣ ከዚያ መስቀል። ሰው በዚያ ወር ተበድሮ ነው የሚወጣው። የመጀመሪያው ዙር ላይ ሦስት ሰው ካጓደለ ዕቁቡ ያኔውኑ ይሞታል። ጥቅምት ላይ ጀምሩትና ነሐሴ ላይ ይለቅ። ያኔ መምህር ያለው የመጨረሻ ዕጣ ቅጣት አይሆንም። ለጳጉሜንና ለትምህርት ቤት ምዝገባ ይደርሳል። ሰው ይሻማበታል እንኳ።

ጥር ላይ የደረሰው ደግሞ ጤፍ ይግዛ። አዲሱ እህል ገበያ የገባበት ጊዜ ነው። ክረምት ላይ በኪሎ ስትገዙ የምትከፍሉትን ታውቁታላችሁ። ሁለትና ሦስት ቤት ሆናችሁ በኩንታል ተካፈሉ።

ሕግ የተማረው ወጣት፦

እማማ፣ በዋሱ ነገር ላይ ልጨምር። ጋሼን የጎዳቸው የጽሑፉ አለመኖር ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና በግልጽና በጽሑፍ መሆን አለበት። ቁጥር 1922 ደግሞ ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም ይላል። «ዋስ ነኝ» ብቻ ብሎ መፈረም አይበቃም። የብሩ ልክ በቁጥርና በፊደል ይጻፍ፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ይህ ወረቀት ካለ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል።

የዕድሩ ገንዘብ ያዥ፣ እማማ፦

ዋሱም ገና ያልደረሰው ሰው ይሁን። የራሱ ብር ውስጥ ስላለ አይለግምም።

የሦስተኛ ፎቋ እናት፦

እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። የመስከረሙን ነገር አላሰብኩትም ነበር፤ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ባንክ የምትሠራዋ እህቴ ያልሽውንም እሞክረዋለሁ፣ ካርድ የሌለው ደብተር አወጣለሁ። ለድንገተኛ ሕመም ባንክ ያስፈልጋል፣ ዕቁብ ለዚያ አይሆንም። ልጅ ታሞ ሌሊት ዕጣ አይወጣም።

እንግዲህ እንዲህ እናድርግ። አሥር ቤተሰብ ሙሉ ዕጣ፣ ሁለት ሰው ግማሽ ግማሽ። አሥራ አንድ ዕጣ ይሆናል። በየወሩ 11,000 ብር ይወጣል። ጥቅምት ተጀምሮ ነሐሴ ላይ አሥራ አንደኛው ወር ይሞላል። ዕጣ አይሸጥም። የታመመ ወይም የወለደች ካለች በስምምነት ይቀድማል። የዋስ ወረቀት ሳይፈረም ብር አይሰጥም፣ እኔም ብሆን።

መምህር የተናገሩትንም ተቀብያለሁ። ዕቁብ ደመወዝን አያሳድግም። ተከራይዋ እህቴ፣ ቁጠባ ስለማታውቂ ነው ያልኩሽ ከመሰለሽ ይቅርታ። እንደዚያ ማለቴ አልነበረም።

ተከራይዋ፦

ወረዳ ከመምህር ጋር ሄደን ነበር። ውሉ አልተመዘገበም፤ አከራዬ ተጠርቷል። ጭማሪው ከቀረልኝ 500 ብሯን ከጉልቷ እናቴ ጋር እጥላለሁ። ከጨመረብኝ ግን አልችልም። በሩን አንኳኩታችሁ እንዳታሳፍሩኝ አሁኑኑ ልናገር ብዬ ነው።

ጉልት የምትሸጠዋ፦

አንቺ እስክትወስኚ ቦታሽን እይዝልሻለሁ።

ከምድር ቤት ያለው አባት፦

እኔ ዘንድሮ አልገባም። ልቤ እሺ አላለኝም። ወረቀቱ የሚጻፍ ቀን ግን ጥሩኝ። ሰው የት የት ላይ እንደሚያመልጥ አውቃለሁ።