ያም ሪፖ አላገኝም አለኝ፣ ዲኤንኤሱ ግን ደህና ነው፤ ምን ላርግ?

ሰርቨር ጠባቂዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሴንትኦኤስ 7 (የሊኑክስ አይነት ነው) የሚሮጥባቸው 6 ሰርቨሮች ተረክቤያለሁ፣ ከኔ በፊት የነበረው ልጅ ስራ ሲለቅ ምንም ዶክመንት አላስቀመጠም። ትናንት ማታ የጥገና ሰአት ተፈቅዶልኝ ያም (ሶፍትዌር የሚጭነውና የሚያድሰው ቱል) አፕዴት ብዬ ስነካው ትንሽ አሰበና ሚረርሊስት ዶት ሴንትኦኤስ ዶት ኦርግ የሚባለውን ሆስት ማግኘት አልቻልኩም አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ቤዝ ለሚባለው ሪፖ (ፓኬጆች የሚወርዱበት ማከማቻ) የሚሆን ቤዝዩአርኤል (የማውረጃ አድራሻ) የለም ብሎ ቆመ። ዲኤንኤስ (የሳይት ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው) ነው ብዬ ሪዞልቭ ኮንፍ በሚባለው ፋይል ውስጥ ያለውን አድራሻ ሁለቴ ቀየርኩት፣ ኔትወርኩን አጥፍቼ አበራሁት፣ የፋየርዎሉን ኃላፊ ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩት፣ እሱም አይቶ የተዘጋ ነገር የለም አለኝ። ሌላ ሳይት ፒንግ ሳደርግ ይመልሳል። ያም ክሊን ኦልም ብያለሁ፣ ለውጥ የለም።

5ቱ ላይ ኤረሩ አንድ አይነት ነው። 6ኛው ላይ ግን ያም ጭራሽ አይነሳም፣ የሆነ የሲንታክስ ኤረር ጥሎ ይወጣል።

ያም ራሱ ኤረሩ ስር 5 አማራጭ ይዘረዝራል አይደል፣ የመጨረሻው ሪፖው ካልተገኘ ዝለለው የሚል ሴቲንግ ነው። እሱን ላብራው ወይስ ሌላ መንገድ አለ? ነገ ማታ ሌላ 3 ሰአት ተሰጥቶኛል፣ ከዛ በኋላ እስከ ወሩ መጨረሻ አይፈቀድልኝም፣ እባካችሁ የገጠመው ሰው ካለ ቶሎ በሉልኝ።

ፈጣን ኮኔክሽን፦

እኔም ገጥሞኛል እህቴ። ስኪፕ ኢፍ አንአቬይለብል የሚለውን 1 አድርጊው፣ ኤረሩ ወዲያው ይጠፋል። ከኢንተርኔት ሌላ ሪፖ ፈልገሽ ከጨመርሽ ደግሞ ፊርማ እያለ እንዳይጨቀጭቅሽ ጂፒጂቼክን (የፓኬጁን ፊርማ የሚያረጋግጠውን ሴቲንግ) 0 አድርጊው ያልፍልሻል። እኔ ጋ እንደዛ ነው የሚሰራው።

የማታ ፈረቃ፦

ወንድሜ ለመርዳት ብለህ እንደሆነ ይገባኛል ግን ይሄ ምክር አደገኛ ነው፣ ለምን እንደሆነ ልናገር ምክንያቱም እኔ በዚሁ ተቃጥያለሁ። ስኪፑን ስታበራው ኤረሩ ነው የሚጠፋው፣ ችግሩ እዛው ነው ያለው። እኛ ጋ ሰርቨሩ ላይ የአንድ ሞኒተሪንግ ሶፍትዌር ሪፖ ለብቻው ይሰራ ነበር፣ ሴንትኦኤሶቹ ሁሉ እየተዘለሉ ያም እሱን ብቻ አይቶ የሚታደስ ፓኬጅ የለም ብሎ በሰላም ይወጣል። ክሮኑም (በየሰአቱ ስራ የሚያስጀምረው) ተሳክቷል ብሎ ሪፖርት ይልካል። ሪፖርቱን እያየን ለወራት ደህና ነን ብለን ተቀመጥን፣ አንድ ቀን ኦዲት መጥቶ ሲያየው ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ያረጀ፣ ኦፕንኤስኤስኤሉ (የምስጠራው ሶፍትዌር) ያረጀ። ኤረር ቢጮህ ይሻላል፣ ቢያንስ ያነቃሻል።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። ዲኤንኤስሽ ምንም አልሆነም፣ የፋየርዎሉም ሰውዬ እውነቱን ነው። ሴንትኦኤስ 7 እድሜው በፈረንጆች ጁን 30 ቀን 2024 አልቋል፣ ሚረርሊስት የሚባለውም ስም አብሮ ተዘግቷል፣ ስሙ ራሱ ስለሌለ ነው ሰርቨርሽ የማያገኘው። ማረጋገጥ ከፈለግሽ ከራስሽ ላፕቶፕ ላይ ያንኑ ስም ፈልጊው፣ እዛም አታገኚውም። ሴንትኦኤስ 8 ከሱ ቀድሞ ዲሴምበር 31 ቀን 2021 ሲዘጋም ሪፖዎቹ ከቦታቸው ተነስተው ተመሳሳይ ችግር ተፈጥሮ ነበር።

ፓኬጆቹ ግን አልጠፉም፣ ቮልት ዶት ሴንትኦኤስ ዶት ኦርግ ወደሚባለው መዝገብ ቤት ተዛውረዋል። ስለዚህ ኢቲሲ ስር ያም ዶት ሪፖስ ዶት ዲ ግቢና ሴንትኦኤስ ቤዝ የሚለውን ፋይል መጀመሪያ ኮፒ አድርገሽ ሌላ ቦታ አስቀምጪው፣ ከዛ ክፈቺው። እያንዳንዱ ሪፖ ስር ሚረርሊስት ብሎ የሚጀምር መስመር አለ፣ እሱ ፊት # ጨምሪበት። ከስሩ ያለው ቤዝዩአርኤል ፊት ደግሞ # አለበት፣ እሱን አንሺለትና ሚረር የሚለውን ቃል ቮልት በይው፣ ሪሊስቨር የሚለው ተለዋዋጭ ባለበት ቦታ 7.9.2009 ብለሽ ጻፊ፣ የመጨረሻው የ7 ቅጂ እሱ ነው። ጂፒጂቼክን በፍጹም አትንኪው! ቮልት ላይ ያሉት ፓኬጆች በዛው በድሮው ቁልፍ ነው የተፈረሙት፣ ቁልፉም ሰርቨርሽ ላይ አለ፣ ስለዚህ 1 ሆኖ ያለምንም ችግር ይሰራል። ከዛ ያም ክሊን ኦል፣ ያም ሪፖሊስት፣ ቁጥር ካመጣልሽ አለቀ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ፋይሎቹን አጥፍተሽ የራስሽን አዲስ ፋይል ብቻ እንዳትጽፊ። ሴንትኦኤስ ሪሊስ የሚባለው ፓኬጅ ሲታደስ ያጠፋሻቸውን መልሶ ይተክላቸዋል፣ እንደገና ሚረርሊስት ያው ኤረር ይመጣል። ያስተካከልሽውን ፋይል ግን አይነካውም፣ የሱን ቅጂ አርፒኤምኒው በሚል ስም ከጎኑ ነው የሚያስቀምጠው። ኢፔል (የተጨማሪ ፓኬጆች ሪፖ) ካለሽ እሱ ለብቻው ነው፣ የፌዶራ ፕሮጀክት አርካይቭ ላይ ነው የተቀመጠው፣ አድራሻውን ወደዛ አዙሪው። ኤስሲኤል የሚባለውም ሪፖ (አዳዲስ የሶፍትዌር ቅጂዎች ያሉበት) ከተጫነ የራሱ ፋይል አለው፣ ቮልት በይው።

የ6ኛውን ኤረር ሙሉውን ለጥፊልን፣ ሲንታክስ ኤረር ብቻ ብለሽ አይታወቅም።

ሰርቨር ጠባቂዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ የማታ ፈረቃ! አንዱ ላይ ሞከርኩት ሰራ፣ አሁን ሌላኛው ላይ ነኝ። ያም የሚታደሱ ብሎ 214 ፓኬጅ ዘረዘረልኝ፣ እውነት ለመናገር ቁጥሩን ሳየው ደነገጥኩ፣ ስንት ጊዜ ሳይነካ እንደቆየ እሱ ያሳያል።

የ6ኛው ይሄው፦ ፋይል ዩኤስአር ቢን ያም፣ መስመር 30፣ ኤክሴፕት ኪቦርድኢንተራፕት ኮማ ኢ የሚል መስመር ያሳይና ከስሩ ሲንታክስ ኤረር ይላል። ምንም ትዕዛዝ ብሰጠው ያው ነው፣ ያም ክሊን ኦልም አይልም። ያም ራሱ ተበላሽቶ ይሆን እንዴ፣ ሌላ ሰርቨር ላይ ካለው ኮፒ ላድርግ?

ኮድ ጸሐፊ፦

ኮፒ እንዳታደርጊ፣ ያሙ ደህና ነው። ይሄን ኤረር አይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ሴንትኦኤስ 7 ላይ ያለው ያም የተጻፈው በፓይተን 2 (የፕሮግራም ቋንቋ) ነው፣ ኤክሴፕት ብሎ ኮማ የሚጠቀመው አጻጻፍ ፓይተን 3 ላይ አይፈቀድም። ማለትም አንድ ሰው ዩኤስአር ቢን ውስጥ ፓይተን የሚለውን ሊንክ ወደ ፓይተን 3 አዙሮታል ማለት ነው፣ ምናልባት ፓይተን ሲል አዲሱ እንዲነሳለት ፈልጎ። እኛ ዴቨሎፐሮች ነን ይሄን የምናደርገው፣ እኔም አድርጌ የቡድናችንን አድሚን ግማሽ ቀን አስፈልጌዋለሁ፣ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ኤልኤስ ብለሽ ሊንኩ ወዴት እንደሚያመለክት እዪው፣ 3 ከሆነ ወደ ፓይተን 2 መልሺው። ግን ከመመለስሽ በፊት እዛ ሰርቨር ላይ የሚሮጠው አፕ በዛ ሊንክ ላይ ተደግፎ እንደሆነ ጠይቂ፣ አለዚያ ያሙ ሲነሳ አፑ ይወድቃል። አፑ ፓይተን 3 ብሎ በሙሉ ስሙ እንዲጠራ ይደረግ፣ ወይ በራሱ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት ይሁን። አንዳንድ ሰው ያም ፋይሉ ውስጥ የመጀመሪያውን መስመር ፓይተን 2 ብሎ ያስተካክልና ይሄዳል፣ ከዛ ማውረድ ሲጀምር ዩአርኤልግራበር ላይ ያው ኤረር ይጠብቀዋል፣ እሱንም ካስተካከለ ሌላ ቦታ። ሊንኩን መመለስ ነው የሚያዋጣው።

ክላስተር፦

ዘግይቼ ነው የገባሁት፣ የተባለው ሁሉ ልክ ነው ግን አንድ ነገር ሳይነሳ እንዳያልፍ። ቮልት መዝገብ ቤት ነው፣ ከጁን 30 2024 በኋላ ወደዛ አዲስ ፓች (የቀዳዳ መድፈኛ) አይገባም። 214ቱን ስትጭኚ እስከዛ ቀን ያለውን ነው ያገኘሽው፣ ከዛ በኋላ የተገኘ ቀዳዳ ሁሉ ክፍት ነው። እድሜው ባለቀ በማግስቱ ጁላይ 1 ቀን ሪግሬሽ የተባለው የኦፕንኤስኤስኤች (ከሩቅ ሰርቨር ውስጥ መግቢያው ሶፍትዌር) ቀዳዳ ይፋ ሆነ፣ 7 ላይ ያለው ኦፕንኤስኤስኤች 7.4 ስለሆነና ያ ቀዳዳ ከ8.5 ጀምሮ ያሉትን ስለሚመለከት እድል ሆኖ አመለጥን። የሚቀጥለው አያመልጠንም፣ ስለዚህ ለአለቃሽ አፕዴት አድርጌያለሁ ብቻ ብለሽ እንዳትጽፊ፣ ከዚህ በኋላ ፓች የለውም የሚለውን በግልጽ ጻፊለት፣ በጀትና ሰአት የሚፈቀደው ያኔ ነው።

መውጫው ሁለት ነው። በጀት ካለ ሰርቨሩን ወደ ሬድሃት 7 ቀይረሽ የሬድሃትን የተራዘመ ድጋፍ በክፍያ መውሰድ ነው። ከሌለ ወደ አልማሊኑክስ ወይ ሮኪ (ሴንትኦኤስን የተኩ ሊኑክሶች) መሻገር ነው፣ አዲስ ሰርቨር አቁመሽ አፑን ብታዛውሪ በጣም ነው የምመክርሽ። እዛው በቦታው ማሳደግ ግድ ከሆነ የአልማ ሰዎች ኢሌቬት የሚባል ቱል አላቸው፣ ከ7 ወደ 8 ከዛ ከ8 ወደ 9 ደረጃ በደረጃ ነው የሚወስድሽ። እሱም ቢሆን መጀመሪያ 7ቱ እስከ መጨረሻው የታደሰ መሆን አለበት፣ ስለዚህ የዛሬ ስራሽ በከንቱ አልሄደም። ከማሻገሩ በፊት ፕሪአፕግሬድ ብለሽ ሪፖርቱን አንብቢው፣ ኢንሂቢተር (ማሻገሩን የሚያግድ ችግር) ያለው ሳይፈታ አያልፍም፣ ለምሳሌ ኢቲኤች 0 ኢቲኤች 1 እየተባሉ የተሰየሙ ከአንድ በላይ ኔትወርክ ካርዶች ካሉሽ ያስቆምሻል። ስናፕሾት (ወደኋላ መመለሻ ቅጂ) ሳትወስጂ አትጀምሪ፣ ቪኤም (ቨርቹዋል ማሽን) ካልሆነም ሙሉ ባክአፕ።

ለዛሬ ማታ ደግሞ ቡት ፓርቲሽኑን (ከርነሎቹ የሚቀመጡበትን) በዲኤፍ (የዲስክ ቦታ የሚያሳየው ትዕዛዝ) እዪው። እንዲህ ሳይነካ በቆየ ሰርቨር ላይ ድሮ ከርነሎች ተከማችተው ቡቱ ይሞላና አዲሱ ከርነል ግማሽ ተጭኖ ይቀራል፣ ሪስታርት ስታደርጊው አይነሳልሽም።

ሰርቨር ጠባቂዋ፦

ክላስተር ስለ ቡት ያልከው አዳነኝ፣ ሁለቱ ላይ 90 ፐርሰንት አልፎ ነበር። ፓኬጅ ክሊንአፕ ብዬ ሁለት ከርነል ብቻ አስቀርቼ ሌላውን አነሳሁ። 5ቱም ታድሰው ተነስተዋል፣ ኒድስ ሪስታርቲንግ (እንደገና መነሳት ያለበት ካለ የሚያሳየው ትዕዛዝ) ስልም ንጹህ ነው። 6ኛው ላይ ሊንኩ እውነትም ፓይተን 3 ላይ ነበር ኮድ ጸሐፊ፣ አፑን የሚያስነሳው ስክሪፕት በዛ ሊንክ ስለሚጠራ እሱን ፓይተን 3 ብዬ አስተካክዬ፣ አፑ መነሳቱን አይቼ፣ ከዛ ሊንኩን መለስኩት፣ ያም ተነሳ። አሁን 131 ፓኬጅ እያወረደ ነው፣ የተሰጠኝ ሰአት ሊያልቅ 40 ደቂቃ ቀርቶኛል። ለአለቃዬ የሚሄደውን ጽሑፍ ነገ ጠዋት እጽፋለሁ፣ ኢሌቬቱን መጀመሪያ የሙከራ ቪኤም ላይ ሞክሬ ሪፖርቱን እዚሁ እለጥፋለሁ፣ ኢንሂቢተር ካለው እንዳትጠፉብኝ።