የኩሽኔታ ቤት ሲበየድ ልኩን ይስታል፤ በምን ቅደም ተከተል ልሥራ?

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ላይ የእህል መውቂያ ዘንግ እየሠራን ነው፤ ኩሽኔታው ቁጥር 6205፣ የውስጥ ቀዳዳው 25፣ የውጭ ዲያሜትሩ 52፣ ወርዱ 15 ሚሜ። የቀድሞው ሥዕል ለዘንጉ 25 ± 0.05 ሰጥቶ ነበር። ይህ የተፈቀደ የልክ ልዩነት በጣም ሰፊ ነው፦ ዘንጉ 25.04 ከወጣ የውስጥ ቀለበቱ ይለጠጣል፣ ለኳሶቹ የተተወው ክፍተት ያልቅና ኩሽኔታው ግሎ ይነክሳል። አሁን ዘንጉ ከ25.002 እስከ 25.015፣ ቤቱ ከ52.000 እስከ 52.030 ሆኗል። (ልኬት ብረቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ይሁን፤ ከተለመደው የክፍል ሙቀት በ40 ዲግሪ በላይ የጋለ ዘንግ 0.01 ሚሜ ያህል ያሳስታል።)

ያስቸገረኝ ቤቱ ነው። ሳይበየድ ዙሪያውን 52.02 የነበረው፣ ፍሬሙ ላይ ሲበየድ በአንዱ አቅጣጫ 51.97፣ በሌላው 52.04 ያነባል። ሁለቱ ቤቶችም በአንድ መስመር አይውሉም። በልኩ እኩል የሆነው፣ ራሱን የሚያስተካክለው 1205 ኩሽኔታ የመስመሩን መዛነፍ ይችላል፤ ሞላላነቱን ግን አይፈታም።

የቤቱን ቀዳዳ አጥብቤ ትርፍ ብረት ትቼ በይጄ ከዚያ ቦሪንግ (ቀዳዳውን በማሽን ፍቆ ወደ ልኩ ማስፋት) ላሠራ? ፍሬሙ ቶርኖ ላይ አይወጣም። ወይስ ብየዳውን ትቼ ቤቱን በብሎን ልሰር? እንዲህ ከሆነ ለ12 ሚሜ ብሎን ቀዳዳውን 14 ባደርገው ለማስተካከል ይበቃል? ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሁለቱን ቤቶች በአንድ አሰላለፍ ቦሪንግ የሚሠራ የምታውቁ ጠቁሙኝ።